ለፍላሽ የሚሆን ቻርጀር ከአሜሪካ ላስመጣ ነው፤ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ሰርግ አንሺ (ሐዋሳ)

ሰላም ቤተሰብ። ፎቶ አንሺ ነኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የተገኘውን እሠራለሁ። ፍላሼ 4 ደብል ኤ ድንጋይ ይበላል። ሁለት ፍላሽ ይዤ ስወጣ 8 ማለት ነው። እስካሁን የሚጣለውን አልካላይን ነው የምገዛው፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልሆነም።

ሱቅ ስጠይቅ «ቻርጅ የሚሆን አለ፣ ባለ 4800፣ ከነቻርጀሩ ውሰድ» ይሉኛል። እህቴ ቨርጂኒያ ናት፤ በቅርቡ የሚመጣ ሰው አግኝታ «የምትፈልገውን ንገረኝ፣ አስይዤ ልላክልህ» ብላኛለች። ብሩን ድንጋዩ ላይ ላውጣ ወይስ ቻርጀሩ ላይ? የአሜሪካው እዚህ ይሠራል? መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤትስ ምን ዓይነት ይሻላል?

ቴስተር በኪሴ

ሰላም ወንድም። መጀመሪያ ያን 4800 እዛው ሱቁ ውስጥ ተወው። ደብል ኤ የሆነ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ (ቻርጅ የሚሆነው የተለመደው ዓይነት፣ ባጭሩ ኒኬል የምንለው) ድንጋይ እውነተኛ አቅሙ ከ1900 እስከ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። በጣም ቢጣጣር 2700፣ 2800 ቢደርስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር የተወለደው ማተሚያ ቤት ነው። ትንሽ ሚዛን ካገኘህ መዝነው። ደህናው አንዱ ፍሬ ከ26 እስከ 31 ግራም ይመዝናል። 16 እና 17 ግራም ካለህ ውስጡ ግማሹ የለም።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ ቻርጀሩ ላይ አውጣ። ጥሩ ድንጋይ በቀሽም ቻርጀር በጥቂት ወር ያልቅለታል። መካከለኛው ድንጋይ በጥሩ ቻርጀር ዓመታት ይሄዳል።

ቀሽሙን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አራት ቦታ ኖሮት ሁለት መብራት ብቻ ካለው ተጠራጠር። አንድ ድንጋይ ብቻ ክተትና ስካው። መብራቱ ካልበራ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚሞላው ማለት ነው። ሁለቱ ድንጋዮች በተርታ ተያይዘው አንድ ከረንት ነው የሚያልፍባቸው። አንዱ ግማሽ ላይ የነበረ፣ ሌላው ባዶ ቢሆን ቻርጀሩ አያውቅም። አንዱ ሞልቶ እየጋለ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው። ቀድሞ የሚሞተው ያ የጋለው ነው። ፍላሽህ ውስጥ ደግሞ አራቱም በተርታ ስለሚገቡ አንዱ ቀድሞ ባዶ ሲሆን ሦስቱ በግልባጭ ይነዱታል። ከዚያ በኋላ እሱ ድንጋይ አይሆንም።

ጥሩው ቻርጀር እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው ይከታተላል። ኒኬል ሲሞላ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሞልቶ ሲያበቃ ግን ጥቂት ሚሊቮልት መልሶ ይወርዳል። ያችን መውረድ አይቶ የሚያቆመውን ነው የምትፈልገው። ደህናዎቹ የሙቀት መለኪያና የሰዓት ገደብም ጨምረው ይይዛሉ፣ መውረዷ ካመለጠቻቸው ብለው።

ቅብጥርጥር

የኛ ሰፈር ሱቅ ባለ 6000 አለ። 4800 ምን ያደርግልሃል?

የቨርጂኒያዋ

ወንድሜ፣ ለእህትህ ይህን ላክላት። ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን ታንብብ። 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ሐዋሳ ሲሰካ ያልቅለታል። እዚህ ያለው መብራት 120 ነው፣ እዛ 220። ጠፍጣፋውን ሹካ ወደ ክቡ የሚቀይረው ትንሹ አዳፕተር ቅርጽ ነው የሚቀይረው፤ ቮልቱን አይነካውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ሌላው፣ ኦንላይን ከማን እንደምትገዛ ትጠንቀቅ። ታዋቂ ስም የተጻፈበት ፌክ ድንጋይ ሞልቷል። ሱቅ ሄዳ ብትገዛ ይሻላል። ዉድብሪጅ ያለው አይኪያ ላዳ የሚባለውን ይሸጣል፣ ባለ 2450። የፓናሶኒክ ኤነሉፕም በየትልልቁ ሱቅ አለ። ቻርጀሩ ላይ የዩኤል ወይም የኢቲኤል ምልክት ትፈልግ። እነዚህ የደህንነት መርማሪ ድርጅቶች ናቸው፤ መርምረው ነው ምልክቱን የሚሰጡት። ሲኢ የሚለውን ፊደል ግን አምራቹ ራሱ ነው የሚያትመው፣ ብዙም አትመኑበት።

ሰርግ አንሺ (ሐዋሳ)

እግዜር ይስጥልኝ። ኤነሉፕ ከላዳው በምን ይለያል? ባለ 2000 ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ታዲያ 2450 አይሻልም?

ቴስተር በኪሴ

እንደ ሥራህ ነው። የድሮው ኒኬል ችግሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ራሱን መጨረሱ ነበር። ዛሬ ሞልተህ ከወር በኋላ ስታነሳው ደክሞ ታገኘዋለህ። ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤነሉፕን ሲያወጣ ይህን ነው የፈታው። በኋላ ሳንዮን ፓናሶኒክ ጠቀለለው፣ ስሙም አብሮ ሄደ። እንደዚህ ዓይነቱ ከሞላ በኋላ ዓመት ቆይቶም አብዛኛውን ይዞ ይጠብቅሃል።

በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳን አቅም ሲጨምር እድሜ ይቀንሳል። ተራውን ኤነሉፕ አምራቹ 2100 ጊዜ ይሞላል ይላል፤ ባለ 2500ውን ፕሮ ግን 500 ጊዜ። ቁጥሮቹ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኙ ናቸው፤ ልዩነታቸውን ግን አስተውል። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን የምትሠራ ከሆነ ትልቁን ውሰድ። ለሪሞት፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለማይክ ተራው ይበቃል።

አንድ መልካም ዜና ልንገርህ። ፍላሽ ከአልካላይን ይልቅ ኒኬልን ይወዳል። ኒኬል ድንገተኛ ከፍተኛ ከረንት ሲጠየቅ አይንበረከክም። ሙሽራዋ ስትወጣ ፍላሽህ ቶሎ ቶሎ ዝግጁ ይሆንልሃል።

ጋሽ ራዲዮ

ልጆች፣ እኛ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። ጥርስ ያላረፈበት ድንጋይ ቤታችን አልነበረም። ማታ ዜና እስኪያልቅ ያደርሰን ነበር። የአሁኑን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም? ደግሞ ቻርጅ የምትሆን የእጅ ባትሪ አለችኝ፤ ሌት ተቀን ሶኬት ላይ ናት፣ መብራት ሲጠፋ ግን አምስት ደቂቃ አታበራም። ምን ሆና ነው?

ቴስተር በኪሴ

ጋሼ፣ ፀሐዩ ይሠራ ነበር፣ ትክክል ነዎት። ሙቀት የውስጡን ኬሚካላዊ ሥራ ያፋጥነዋል፤ ዚንኩ ውስጥ የቀረችው ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ትወጣለች። የሚጨመርለት ነገር ግን የለም። ቻርጅ የሚሆነውን እንዳያሰጡት አደራ። ኒኬሉን ሙቀት እድሜውን ያሳጥረዋል። ሊትየም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ እሳት ይሄዳል።

የእጅ ባትሪዎ ውስጥ ያለው ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ይመስለኛል፣ እንደ መኪና ባትሪ ያለ፣ ትንሽ። እነዚህ ርካሽ ባትሪዎች ሲሞሉ የሚያቆም ነገር ብዙዎቹ ውስጥ የለም። ሌት ተቀን ሲሰካ ውስጡ ይደርቃል። በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ሰክተው ይንቀሉት። ጨርሶ ባዶ ሆኖም አይቀመጥ፤ እርሳስ ባዶ ሲቆይ ሰልፌት ይዞት ይበላሻል። ዋናው ነገር፣ ሶኬት ላይ እያለ ፈትተው ውስጡን እንዳይነኩ። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ውስጡ ከ220ው ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። የልጅ ልጆች ካሉም ይጠንቀቁላቸው።

ጋሽ ራዲዮ

ተባረክ ልጄ። አሁኑኑ እነቅላታለሁ።

የመንታዎች እናት

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። የልጆቼ መኪና ውስጥ ያለው ተራ አልካላይን ነው። ቻርጀር ሲኖረን እሱንም መሙላት ይቻላል ወይ? ባለቤቴ «ትንሽ ትንሽ ይሞላል» ይለኛል።

የደብሩ ድምፅ

እህቴ፣ በፍጹም! ያ እንዲሞላ አልተሠራም። ቻርጀር ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ይፈሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የደረቀ ነጭ ዱቄት መጫወቻው ውስጥ ካገኘሽ በእጅሽ አትንኪው። ጓንት አድርጊና ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ነክረሽ ጥረጊው፣ ከዚያ አድርቂው። ደህና ቻርጀሮች አልካላይን ሲገባባቸው አውቀው እምቢ ይላሉ፤ ሁሉም ግን አያውቁም።

የመንታዎች እናት

አመሰግናለሁ። ይህን ገጽ ዛሬ ማታ አስነብበዋለሁ። ሌላም ልጠይቅ፦ ቻርጅ የሚሆነው 1.2 ቮልት ነው ይላል፣ ተራው 1.5። መጫወቻው አይደክምም?

የደብሩ ድምፅ

አይደክምም። አልካላይኑ 1.5 የሚሆነው አዲስ ሲሆን ብቻ ነው። ሲሠራ ቶሎ ይወርዳል፣ ብዙውን ጊዜውን የሚያሳልፈው 1.2 እና 1.3 አካባቢ ነው። ኒኬሉ ሲሞላ 1.4 ገደማ ይነሳና 1.2 ላይ ረግቶ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ገመድ አልባ ማይኮቹን በዚህ ነው የምናንቀሳቅሰው። ሙሉ ቅዳሴና ስብከት ያደርሱናል። የግድግዳ ሰዓት ላይ ግን አታባክኚው፣ ተራው ድንጋይ እዛ ዓመት ይቆያል። የደም ግፊት መለኪያ ከሆነ መመሪያውን አንብቢ፤ ልኬት ያለበት ነገር ላይ አልገምትም።

አሁን ደግሞ 1.5 ቮልት የሆነ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ የሊትየም ደብል ኤ መጥቷል። መልኩ ያው ነው። እሱን በኒኬል ቻርጀር እንዳትሞሉ፣ የራሱ ገመድ ወይም ቻርጀር አለው። እኔ ለማይክ አልወደድኩትም። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 1.5 ይልና ድንገት ጭጭ ይላል። መዝሙር መሀል ላይ ምልክት ሳይሰጥ የሚጠፋ ነገር አልፈልግም።

ለዋናው ጠያቂ ግን አንድ ነገር። ቴስተር ያለውን ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን ቀስ ብሎ ሌሊቱን የሚሞላውን ነው የምመርጠው። ቶሎ የሚሞላ ድንጋዩን ያግለዋል። ድንጋዩ ላይ እንኳን «200 ሚሊአምፔር፣ 16 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።

ቴስተር በኪሴ

የተጻፈው ልክ ነው። ይህ የአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፣ መደበኛው የሙከራ አሞላል። 2000ን ለ200 ስታካፍለው 10 ሰዓት ይሆናል፤ ከሚገባው የተወሰነው በሙቀት ስለሚጠፋ ነው 14 ወይም 16 የሚባለው። በዚያ ዝግታ ሰዓት ቢያልፍም ብዙ አይጎዳም። ብልጥ ቻርጀር ግን በዚያ ዝግታ ሲሠራ ያችን የቮልት መውረድ አያያትም። በጣም ደብዛዛ ትሆንበታለች። ስለዚህ ዘገምተኛ ከሆነ በሰዓት ብቻ ነው የሚያቆመው።

እዚህ ላይ ነው የመብራታችን ነገር የሚመጣው። በሰዓት የሚሠራ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመጣ ከዜሮ መቁጠር ይጀምራል። 12 ሰዓት የሞላውን ድንጋይ እንደ አዲስ ሌላ 16 ሰዓት ይሞላዋል። ያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን አስበው። ቮልት የሚያየው ግን መብራቱ ሲመለስ የሞላ ድንጋይ መሆኑን ቶሎ ያውቅና ያቆማል።

በመሀል ያለው ይሻላል። ለባለ 2000 ደብል ኤ ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፔር፣ ለቀጭኑ ትሪፕል ኤ 300 ወይም 400። «በ15 ደቂቃ እሞላለሁ» የሚለውን ግን እኔም አልገዛም፣ እዛ ላይ ተስማምተናል። ሲያልቅ ድንጋዩ ለብ ማለቱ ጤና ነው። በእጅህ ይዘህ መቆየት ካቃተህ ንቀለው።

የደብሩ ድምፅ

የዜሮ መቁጠሩን አላሰብኩትም ነበር። ሰፈራችን መብራት በብዛት ስለማይጠፋ ይሆናል። እቀበላለሁ፣ ግን ጥድፊያ ከሌለብኝ 500ዋ ላይ ነው የምቆየው።

የቨርጂኒያዋ

እኔ ደግሞ ዩኤስቢ የሆነውን እመክራለሁ። ቻርጀሩ በስልክ ቻርጀር ገመድ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ። የ120 እና የ220 ጭቅጭቅ እዛው ያበቃል። 220ውን የሚቀበለው አገር ቤት የተገዛ የስልክ ቻርጀር ነው። መብራት ከሌለም በፓወር ባንክ ወይም በሶላር ይሞላል። እናቴ ቤት ያለው እንደዚህ ነው። ብቻ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚከታተል መሆኑን ታረጋግጥ፤ ዩኤስቢ ሆኖ ቀሽም የሆነም አለ።

ቴስተር በኪሴ

ጥሩ ሐሳብ። የስልክ ቻርጀሩ ብቻ ደህና ይሁን፣ ቢያንስ 2 አምፔር የሚሰጥ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ወዲያው አትስኩ። በመጣበት ቅጽበት ቮልቱ ይዋዥቃል። እንደ ፍሪጁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት።

የበረሃው ልጅ (ሻርጃ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ያለነው ችግራችን ሙቀት ነው። በበጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ድንጋይ አለቀለት። ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም ሌሊት ነው የምንሞላው። አፋርና ድሬዳዋ ያላችሁም እንደዛው አድርጉ፤ ኒኬል በጣም ሲሞቅ የሚገባውን አይቀበልም።

ጥያቄዬ ስለ ሊትየም ነው። አገር ቤት ለዘመድ የምንልከው ትልቅ የእጅ ባትሪ ውስጥ ያለው ወፍራሙ ድንጋይ፣ 18650 የሚሉት። ገበያው ላይ 9900 የሚል አለ። ደህና ነው?

ቴስተር በኪሴ

9900 የሚባል 18650 የለም። በተለምዶ ከገበያው የሚገኘው ትልቁ 3500 አካባቢ ነው። ደህናው ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል።

ሊትየም ላይ ቀልድ የለም። ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ ቢሞላ፣ ቢመታ ወይም ቢሞቅ ራሱን እያጋለ ሄዶ ይነዳል፣ ከተነሳ በኋላ ለማቆም ከባድ ነው። ስለዚህ ለሊትየም በተሠራ ቻርጀር ብቻ። ኒኬል በሊትየም ቻርጀር፣ ሊትየም በኒኬል ቻርጀር አይገቡም። ሁለቱንም እሞላለሁ የሚል ቻርጀር ካለ ዓይነቱን ራሱ የሚለይ መሆን አለበት። ጨርሶ ሞቶ ቻርጀሩ እምቢ ያለውን ሊትየም «ላንቃው» ብላችሁ በሽቦ አትሞክሩ፤ ከ2.5 ቮልት በታች ቆይቶ ከሆነ ውስጡ ተጎድቷል። ያበጠ፣ ልባሱ የተላጠ፣ የተቀጠቀጠ ካለ አትሙሉት።

የምትሞሉበት ቦታ ደግሞ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ፍራሽ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ መጋረጃ ሥር አይሁን። በር ላይም አታድርጉት፣ እሳት ቢነሳ መውጫችሁ እሱ ነው። ተኝታችሁም አትሙሉ።

የበረሃው ልጅ (ሻርጃ)

ገባኝ። በሻንጣ ስንልክስ?

የቨርጂኒያዋ

ትርፍ ሊትየም ድንጋይና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፣ ካርጎ ውስጥ አይፈቀድም። ኒኬሉ ቀላል ነው፤ ግን እንደነገሩ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አትወርውሩት። ሁለቱን ጫፍ ብረት ካገናኘው ይጋላል። ትንሿ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይግባ።

ሰርግ አንሺ (ሐዋሳ)

ወገኖች፣ እህቴ ሱቅ ቆማ የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የተጻፈው ይህ ነው፦ ኢንፑት 5 ቮልት 2 አምፔር። አውትፑት 1.5 ቮልት፣ 500 ሚሊአምፔር በ4። ለኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ብቻ። አራት ቦታ፣ አራት መብራት። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሹካ የለውም፣ ገመድ ብቻ። ትግዛው?

ቴስተር በኪሴ

ትግዛው። 500 በየቦታው ማለት ባዶ የሆነ ባለ 2000 ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ማታ አራት ሰዓት ላይ ከሰርግ ገብተህ ከምትሰካ ጠዋት ስትነሳ ስካው። 8 ድንጋይ ስላለህ በሁለት ዙር ነው፤ ከቻለች ሁለት ቻርጀር ትላክ።

ድንጋዮቹ ሲደርሱህ በአራት በአራት ለያቸውና በማርከር ምልክት አድርግባቸው። ሀ ቡድን፣ ለ ቡድን። አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይሥሩ። አዲሱን ከአሮጌው፣ ባለ 2000ውን ከባለ 2450ው አታደባልቅ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጨርሰህ ባዶ ማድረግ አይጠበቅብህም። ያ ከድሮው የኒኬል ካድሚየም ድንጋይ ዘመን የቀረ ልማድ ነው።

ሰርግ አንሺ (ሐዋሳ)

ሁለት ቻርጀር፣ 12 ድንጋይ ብያታለሁ። ያረጁትን ስጨርስ የት ልጣላቸው? ከቆሻሻ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ጎረቤት አለኝ።

ቴስተር በኪሴ

እሳት ውስጥ ምንም ዓይነት ድንጋይ አይገባም፣ ይፈነዳል። ጫፉን በፕላስተር ሸፍነህ በአንድ ጣሳ አጠራቅም፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ። ቆራሌው ቢጠይቅህ አትስጠው፤ ቀጥቅጠው ሊከፍቱት ይችላሉ። ባትሪ የሚቀበል ቦታ እስክታገኝ ጣሳው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በኒኬሉ ድንጋይ ደግሞ ጣሳው ቶሎ አይሞላብህም።

ቅብጥርጥር

ሁለት ቻርጀር ካዘዘ ሦስተኛ ጨምሩበትና ለኔም ይምጣ። ብሩን ሐዋሳ ድረስ አመጣለሁ።